በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት፦ የአፕት የስህተት መልእክቶች ሲገመገሙ

«ችግሮቹን ማስተካከል አልተቻለም፤ የተያዙ የተሰበሩ ፓኬጆች አሉ።» ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ ሲስተሞች ላይ ጥቂት ወራት የሠራ ሰው ይህችን መስመር በእንግሊዝኛዋ ሳያያት አይቀርም። ማሽኑን ሲፈትሽ ግን የተያዘ ፓኬጅ (ማለትም አንድ ላይ ታሽጎ የሚጫን ሶፍትዌር) የለም፣ የተሰበረም የለም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እንደሚባለው ነው። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ፈረስ በእርግጥ አጎቷ ነው። የተጠየቀው ግን ሳይመለስ ቀረ።

አፕት በዴቢያን ቤተሰብ ውስጥ ሶፍትዌር የሚያወርድ፣ የሚጭንና የሚያሻሽል ፕሮግራም ነው። ከ1998 ጀምሮ አለ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፤ ዛሬ ሁሉም የሚጽፈው አጭሩ «አፕት» ትእዛዝ የመጣው ግን በ2014 ከ1.0 ቨርዥን ጋር ነው። ከሥሩ ዲፒኬጂ የሚባል ሌላ ሠራተኛ አለ። አፕት ያስባል፣ ዲፒኬጂ ይሸከማል፤ ፋይሎቹን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ሁለተኛው ነው። እንደ ሠራተኛ አፕትን የምንወቅስበት ብዙ የለም። እንደ ተናጋሪ ግን ብዙ አለ፤ በተለይ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ሆኖ በሞባይል ዳታ አፕግሬድ ለሚያደርግ ሰው፣ የተምታታ መልእክት ማለት ባክኖ የሚቀር ብርና ሰዓት ነው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር። «ጥቅል» የሚለውን ትርጉም ሆን ብለን ትተን «ፓኬጅ» ብለናል፤ እዚህ አገር «ጥቅሌ አለቀ» ያለ ሰው የሚያወራው ስለ ኢንተርኔት ነው። ትእዛዞቹንና የፓኬጅ ስሞቹን በድምፃቸው ጽፈናል፤ ተርሚናሉ ላይ እንደወትሮው በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

አንድ በጣም የተለመደ ሁኔታ ቀረብ ብለን እንመልከት። ኡቡንቱ 22.04፣ ማለትም ጃሚ፣ የተጫነበት የትምህርት ቤት ላብ ኮምፒውተር አለ። ተማሪዎች ሲ ፕሮግራሚንግ እንዲለማመዱበት ኮምፓይለር (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጥ መሣሪያ) ስለሚያስፈልግ፣ እሱን የሚያመጣው ፓኬጅ እንዲጫን «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሻል» ተባለ። መልሱ በአማርኛ ሲገለበጥ እንዲህ ይላል («ጥገኝነት» ማለት አንድ ፓኬጅ እንዲሠራ ሌላ ፓኬጅ ማስፈለጉ ነው)፦

«የሚከተሉት ፓኬጆች ያልተሟላ ጥገኝነት አላቸው።
ቢልድ-ኢሴንሻል፦ ሊብሲ6-ዴቭ ያስፈልገዋል፣ ነገር ግን ሊጫን አይደለም፤ ወይም ሊብሲ-ዴቭ።
ስህተት፦ ችግሮቹን ማስተካከል አልተቻለም፤ የተያዙ የተሰበሩ ፓኬጆች አሉ።»

አብዛኛው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው፤ «ስህተት» ተብላ የተጻፈችው እሷ ናትና። «ተሰበረ» የሚለውን አይቶ «አፕት ሰረዝ ሰረዝ ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ይጽፋል። አፕት ዜሮ ተሻሻለ፣ ዜሮ ተጫነ ብሎ ይመልስለታል። «ተያዘ» የሚለውን አይቶ «አፕት-ማርክ ሾውሆልድ» ይጽፋል፤ ባዶ ነው። ሦስተኛው እርምጃ ኡቡንቱን ከፍላሽ እንደ አዲስ መጫን ይሆናል፤ ያኔም ያው መልእክት ተመልሶ ይመጣል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። መልእክቱ የነገረን የሰንሰለቱን የመጀመሪያ ቀለበት ብቻ ስለሆነ፣ ያልተጫነውን ፓኬጅ ራሱን ስሙን ጠርቶ መጠየቅ ነው። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብሲ6-ዴቭ» ሲባል አፕት አንድ ደረጃ ወርዶ ይናገራል፦

«ሊብሲ6-ዴቭ፦ ሊብሲ6 (= 2.35-0ኡቡንቱ3) ያስፈልገዋል፣ የሚጫነው ግን 2.35-0ኡቡንቱ3.8 ነው።»

አሁን ነገሩ ተገለጠ። የእኩል ምልክቷን አስተውሉ። ሊብሲ6-ዴቭ የሚፈልገው «ከዚህ ያላነሰ» ሳይሆን «ልክ ይህን» ሊብሲ6 ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ኮድ በአንድ ላይ የሚወጡ መንትዮች ናቸውና። ማሽኑ ላይ ያለው ሊብሲ6 የታረመው 3.8 ሲሆን፣ አፕት የሚያውቀው ሊብሲ6-ዴቭ ግን ጃሚ ሲወጣ የነበረው፣ ቁጥሩ 3 ላይ የሚያበቃው ነው። የታረመው ሊብሲ6-ዴቭ በዓለም ላይ አለ፤ ይህ ማሽን ግን ስለ መኖሩ አልሰማም። ሊብሲ6ን ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ አፕት በራሱ ፈቃድ የማያደርገው ነገር ነው፤ ባያደርገውም ጥሩ ነው፣ መላው ሲስተም የቆመው በዚያ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ በሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ላይ ነው።

ማረጋገጫው «አፕት ፖሊሲ ሊብሲ6» ነው። ለእኛ የአፕት ምርጡ ትእዛዝ ይህ ነው፤ ግን የስህተት መልእክቱ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜም አይነሳም። የተጫነውን ቨርዥን፣ ሊጫን የታጨውንና ከየትኛው ሪፖዚቶሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) እንደመጡ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣል። ሦስት ኮከብ ያለበት መስመር የተጫነው ነው። ከሥሩ 100 የሚል ቁጥርና «/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ» ብቻ ካለ፣ «ይህ ፓኬጅ እኔ ጋ አለ፣ ከየት እንደመጣ ግን አሁን የሚታየኝ ምንጭ የለም» ማለት ነው። ጤነኛ ማሽን ላይ ከ100ው በላይ 500 የሚልና የሪፖዚቶሪውን አድራሻ የያዘ መስመር አብሮ ይኖራል። በእኛ ምሳሌ 500ው ያለው አሮጌው ቨርዥን ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደለው «ጃሚ-አፕዴትስ» የሚባለው ሪፖዚቶሪ ነው።

ለምን ጎደለ? ወይ «/ኢቲሲ/አፕት/ሶርስስ.ሊስት» ውስጥ መስመሩ ፊት ላይ የሀሽ ምልክት ገብቶበታል፣ ወይ ደግሞ «አፕት አፕዴት» መሀል ላይ ተቋርጧል። እኛ አካባቢ ሁለተኛው ይበዛል። ኔትወርኩ ብልጭ ድርግም ሲል አፕት ዋናውን ዝርዝር ያወርድና የአፕዴትሱን ይስታል። ያኔ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ «አንዳንድ የኢንዴክስ ፋይሎች አልወረዱም፤ ታልፈዋል ወይም አሮጌዎቹ ጥቅም ላይ ውለዋል» የሚል ነው። ስህተት አይለውም፣ ማስጠንቀቂያ ይለዋል፤ ትእዛዙም እንደተሳካ ተቆጥሮ ይዘጋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ትእዛዝ ሲሰጠው ማስጠንቀቂያውን ረስቶ ስለተሰበሩ ፓኬጆች ያወራል። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣው መኪና ጣርማ በር ላይ በጉም ቆሞ እያለ፣ ባለሱቁ «ሽንኩርት የሚባል ነገር ተሰብሯል» ቢል እንደማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ሱዶ አፕት-ጌት አፕዴት ሰረዝ ሰረዝ ኤረር-ኦን=ኤኒ»። በዚህ አማራጭ ከዝርዝሮቹ አንዱ እንኳ ቢቀር ትእዛዙ እንደወደቀ ይነገራችኋል። ሳይወድቅ እስኪያልፍ ደጋግሙት፤ ከዚያ ቢልድ-ኢሴንሻል ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ይገባል። ይህ አማራጭ ከመጀመሪያው የአፕት ነባሪ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ የዚህ ግምገማ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር።

እንዲህ ባሉ መልእክቶች ውስጥ አፕት ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን በጣም በሚመሳሰሉ ቃላት ይናገራል። ልዩነታቸውን ያወቀ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። «ሊጫን የሚችል አይደለም» ካለ፣ በሚያውቃቸው ሪፖዚቶሪዎች ሁሉ ያ ፓኬጅ የለም፤ ሱቁ «የለንም» ብሏል፣ ወይ ሌላ ሱቅ ወይ ሌላ ዕቃ መፈለግ ነው። «ሊጫን አይደለም» ካለ ግን ዕቃው መደርደሪያው ላይ አለ፤ ባለሱቁ የማይሰጠው በሌላ ምክንያት ነው፣ ያ ምክንያት ደግሞ አንድ ደረጃ ወርዳችሁ ስትጠይቁት ነው የሚወጣው። «የሚጫነው ግን ይህኛው ቨርዥን ነው» ካለ የቁጥር ጠብ ነው፤ ፖሊሲ የሚለውን ትእዛዝ በሁለቱም ላይ ማስኬድ ይበቃል። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሚለያቸው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ምሽት ላይ ጋቢ ተከናንቦ ለሚያነብ ሰው ይህ ልዩነት አይታይም፤ አነጋገሩን የነደፈው ሰው ሊያስብበት ይገባ ነበር።

«የለንም» ለሚለው ዓይነት ጥሩ ምሳሌው ሊብኤስኤስኤል1.1 ነው። ኡቡንቱ 22.04 ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3 ሲሻገር ይህን አሮጌ ላይብረሪ ከሪፖዚቶሪው አወጣው። በ20.04 ዘመን የተዘጋጀ የዴብ ፋይል (የፓኬጅ ፋይል) በፍላሽ አምጥቶ የሚጭን ሰው «ሊብኤስኤስኤል1.1 ያስፈልገዋል፣ ነገር ግን ሊጫን የሚችል አይደለም» ይባላል። እዚህ ላይ መልእክቱ ራሱ ትክክልና ግልጽ ነው፤ የሚያበላሸው ከሥሩ ያቺው «የተያዙ የተሰበሩ» መስመር ተለጥፋ መምጣቷ ነው። ሰዎች ከዚህ በኋላ የሚሞክሯቸው ሦስት ነገሮች አሉ፣ ሦስቱም መጥፎ ናቸው። አንደኛው የ20.04ን ሪፖዚቶሪ 22.04 ላይ መጨመር ነው፤ ለጊዜው ይሠራል፣ በሚቀጥለው አፕግሬድ ግን አፕት ሁለት ዘመን የሚያጣቅስ ዝርዝር ይዞ ይወዛገባል፤ በዚያ ላይ የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በ2025 ግንቦት መጨረሻ አብቅቷል። ሁለተኛው የአዲሱን ላይብረሪ ፋይል በአሮጌው ስም በአቋራጭ ማገናኘት ነው፤ ስሙ ቢመሳሰል ውስጡ አንድ ስላልሆነ ፕሮግራሙ ሲነሳ ይወድቃል። ሦስተኛው ዲፒኬጂን «ሰረዝ ሰረዝ ፎርስ-ዲፔንድስ» ብሎ ማስገደድ ነው። ይሄኛው ከሁሉም ይከፋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ለመጫን ስትሞክሩ አፕት «መጀመሪያ ፊክስ-ብሮክን አድርጉ» ይላል፣ ሲደረግ ደግሞ በግድ የገባውን ያንኑ ፕሮግራም ላጥፋው ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛው መንገድ ለ22.04 የተዘጋጀውን ቨርዥን ከፕሮግራሙ አዘጋጅ መፈለግ ነው፤ ከሌለ ፕሮግራሙን 20.04 ባለበት ኮንቴይነር (ከዋናው ሲስተም ተነጥሎ በሚሠራ ክፍል) ውስጥ ለብቻው ማስኬድ።

24.04 ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩበት የ32 ቢት ቁጥር በጥር 2038 ስለሚሞላ፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2024 ብዙ ላይብረሪዎችን እንደገና ገንብተው ስማቸው ላይ «ቲ64» ጨመሩ። ሊብአሳውንድ2 የነበረው ሊብአሳውንድ2ቲ64 ሆነ። አሮጌ መመሪያ ተከትሎ «አፕት ኢንስቶል ሊብአሳውንድ2» የሚል ሰው «ይህ ምናባዊ ፓኬጅ ነው፣ የሚያቀርቡት እነ እንትና ናቸው፣ አንዱን በግልጽ ምረጥ» ይባላል። አፕት እዚህ ላይ ያስመሰግናል፦ አማራጮቹን በስማቸው ይዘረዝራል፣ ምን ማድረግ እንዳለብህም ይነግርሃል። ሲፈልግ ጥሩ ይናገራል ማለት ነው።

አሁን ስለ ራሱ አፕግሬድ። «የሚከተሉት ፓኬጆች ወደ ኋላ ቀርተዋል» የሚለው መልእክት ሁለት ፍጹም የተለያዩ ምክንያቶች አሉት፤ አንዱ ሥራ የሚጠይቅ፣ ሌላው ምንም የማይጠይቅ። «አፕት አፕግሬድ» ምንም ፓኬጅ አያጠፋም። ስለዚህ አንድን ፓኬጅ ለማሻሻል ሌላ ማጥፋት ግድ ከሆነ ይተወዋል። «አፕት-ጌት አፕግሬድ» ደግሞ ከዚህም ቁጥብ ነው፤ አዲስ ፓኬጅ መጨመር ካስፈለገም ይተወዋል፣ አዲስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሲመጣ ወደ ኋላ የሚቀረው ለዚህ ነው። ሁለቱንም የሚያደርገው «አፕት ፉል-አፕግሬድ» ነው። ከዚያ በፊት ግን «አፕት ሰረዝ ኤስ ፉል-አፕግሬድ» ብላችሁ ማስመሰያውን ብቻ አስኪዱ፤ «ሬምቪ» ብለው የሚጀምሩት መስመሮች የሚጠፉት ናቸው። ሁለት አሮጌ ላይብረሪ ቢሆን ግድ የለም፣ «ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ» የሚል ስም ካለበት ግን እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ።

ሁለተኛው ምክንያት የኡቡንቱ ብቻ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አፕት አንዳንድ አፕዴቶችን በየተራ ነው የሚሰጠው፤ መጀመሪያ ለጥቂት ማሽኖች፣ እንከን ካልታየ ለሌሎች። የእናንተ ማሽን ተራ የሚወሰነው በራሱ መለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ አንድ ላብ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ፣ አንዱም አልተበላሸም። አዲሶቹ ቨርዥኖች «በተራ አሰጣጥ ምክንያት ዘግይተዋል» ብለው ለይተው ይናገራሉ፤ 22.04 ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከ«ወደ ኋላ ቀርተዋል» ጋር ይቀላቀላል። «አፕት ፖሊሲ» ሠንጠረዡ ላይ «ፌዝድ» የሚል ቃልና መቶኛ ካያችሁ መድኃኒቱ መጠበቅ ብቻ ነው። በጥድፊያ አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራ «ኢንስቶል» የሚላቸው ሰው፣ በራሳቸው የገቡትን በእጅ እንደተጫኑ ስለሚያስቆጥራቸው የወደፊቱን ጽዳት ያበላሻል።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። በ2021 አንድ የታወቀ የቴክኖሎጂ ቪዲዮ አዘጋጅ ከኡቡንቱ በተሠራው ፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲም የተባለውን የጨዋታ መደብር ለመጫን ሲሞክር፣ አፕት የዴስክቶፑን ፓኬጆች ጭምር እንደሚያጠፋ በረጅም ዝርዝር ነገረውና «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!» ብሎ እንዲጽፍ ጠየቀው። ጻፈ፤ ዴስክቶፑ ጠፋ። አፕት በእርግጥ አስጠንቅቋል፤ ችግሩ ማስጠንቀቂያው መቶ ከማይጠቅም መስመር መሀል መቀበሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዘጋጆቹ በሐረግ የማረጋገጡን ልማድ አስቀርተው፣ አስፈላጊ ፓኬጆችን ለማጥፋት በግልጽ አማራጭ መጻፍ ግድ እንዲሆን አድርገዋል።

አሮጌው ፈቺ (የትኛው ፓኬጅ ከየትኛው ጋር እንደሚገባ የሚወስነው የአፕት ክፍል) ለምን እንዲህ ይናገራል ለሚል፦ አፕት ለዓመታት ሲጠቀምበት የኖረው ስልት ለእያንዳንዱ ፓኬጅ ነጥብ ይሰጥና፣ ነጥቡ ዝቅ ያለውን እየጣለ ወይም እንደነበረ እየተወ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የመረጠውን መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ አይፈትሽም። ስለዚህ ሲያቅተው በእጁ ያለው ነገር የመጨረሻው ሁኔታ ብቻ ነው፤ ለምን እዚያ እንደደረሰ የሚናገርበት ታሪክ የለውም። «የተያዘ» የሚለውም በእሱ ቋንቋ «ልነካው ያልፈለግሁት» ለማለት ያህል ነው፣ ተጠቃሚው «ሆልድ» (እንዳይነካ) ያለውን ብቻ ማለቱ አይደለም። ዝርዝሩን ማየት የሚፈልግ «ሰረዝ ኦ ዲበግ::ፒኬጂፕሮብለምሪዞልቨር=የስ» ብሎ ሊያስለፈልፈው ይችላል፤ የሚወጣው ጽሑፍ ግን ከመልእክቱ የባሰ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ «ብሮክን» የሚለውን ቃል እየፈለጉ ማንበብ ይሻላል።

በ2025 ሚያዝያ የወጣው አፕት 3.0፣ ከኡቡንቱ 25.04ና በነሐሴ ከወጣው ዴቢያን 13 ጋር የመጣው ማለት ነው፣ መልኩን አሳምሯል። የሚጠፉት በቀይ፣ የሚገቡት በአረንጓዴ፣ ሁሉም በዓምድ ተደርድረው ይወጣሉ፤ የሚጠፉት ዝርዝሩ መሀል አይቀበሩም። ይህ ብቻውን ዋጋ አለው። ከጀርባው ደግሞ መንገድ ሲዘጋበት ተመልሶ ሌላ የሚሞክር አዲስ ፈቺ አለው፤ ዴቢያን 13 ላይ «ሰረዝ ሰረዝ ሶልቨር 3.0» በማለት ይሞከራል። ይኸኛው ሲያቅተው የሚጋጩ ሁለት ነገሮች ላይ መድረሱን ይናገርና ወደዚያ ያደረሰውን ሰንሰለት ያወጣል። ጽሑፉ አሁንም የለመደ ዓይን ይፈልጋል፤ ግን ቢያንስ አባቱን ሲጠይቁት ስለ አባቱ ነው የሚያወራው። አሮጌው ፈቺ «አይሆንም» ባለው ላይ አዲሱን በማስመሰያው መሞከር ምንም አያስከፍልም።

ከጎረቤቶቹ ጋር ስናስተያየው አፕት መሀል ላይ ነው። የኦፕንሱዜው ዚፐር ግጭት ሲያገኝ «መፍትሔ 1፣ መፍትሔ 2፣ መፍትሔ 3» ብሎ በቁጥር ያቀርባል፤ ከሁሉም የሚጨበጥ ነው። የፌዶራው ዲኤንኤፍ «እንትናን የሚያቀርብ የለም፣ እንትና ግን ይፈልገዋል» ብሎ አጭር ይናገራል። የፓይተኑ ፒፕ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የተሻለ ፈቺ ቢኖረውም፣ አንዳንዴ ጭነቱን ከጨረሰ በኋላ ነው «የነበሩትን ሁሉ ግምት ውስጥ አላስገባሁም» የሚለው፤ ዕቃው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ «ድልድዩ ፈርሷል» እንደሚል ሾፌር። ዩቪ የተባለው አዲሱ የፓይተን መሣሪያ «ይህ ያንን ስለሚፈልግ፣ ያ ደግሞ ከዚህ ጋር ስለማይሄድ፣ ስለዚህ አይቻልም» ብሎ በቅደም ተከተል ያስረዳል። አፕት ላይ ሆኖ ይህን የሚፈልግ ሰው አፕቲትዩድን ይጫን፤ አንድ መፍትሔ ያቀርብና «ትቀበላለህ?» ይላል፣ «ኤን» ሲጫኑ ሌላ ያመጣል። የመጀመሪያው ሐሳቡ ብዙ ጊዜ «ምንም አልነካም» ስለሆነ አትቀበሉት። «አፕቲትዩድ ዋይ» እና «ዋይ-ኖት» የሚሉት ትእዛዞቹም አንድ ፓኬጅ ለምን እንዳለ ወይም ለምን እንደማይገባ በሰንሰለት ያሳያሉ።

መብራት ስለሚጠፋበት አገር ስናወራ አፕትን አንዴ ሳናመሰግን ማለፍ አይገባም። አፕግሬድ መሀል ላይ መብራት ቢሄድና ማሽኑ ቢጠፋ፣ ሲነሳ አፕት የሚሰጠው መልእክት «ዲፒኬጂ ተቋርጧል፤ ‹ሱዶ ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ› ማስኬድ አለብህ» ይላል። የሆነውን ተናገረ፣ የሚደረገውን ነገረ፣ ዘጋ። የሚደረገውም በእርግጥ ይሠራል። ያው አንድ ፕሮግራም አነጋገሩ እንዲህ መለያየቱ ይገርማል።

ለላብ ባለሙያዎች፦ ሃያ ማሽን ለየብቻው ከኢንተርኔት አፕግሬድ ማድረግ ዳታውን ከመጨረሱም በላይ፣ እያንዳንዱ ማሽን በተለያየ ሰዓት የተለያየ ዝርዝር ይዞ እንዲቀር ያደርጋል፤ አንዱ ላይ የሚሠራው ሌላው ላይ «ያልተሟላ ጥገኝነት» ይላል። አንዱ ማሽን ላይ አፕት-ካቸር-ኤንጂ ጫኑ፤ በ3142 ፖርት ይሠራል። ሌሎቹ በእሱ በኩል ሲያልፉ እያንዳንዱ የዴብ ፋይል ከውጭ የሚወርደው አንድ ጊዜ ነው። ዝርዝሮቹን ለማቅለል «አኳየር::ላንጉጅስ» የሚለውን «ነን» ማድረግ የትርጉም ፋይሎችን ያስቀራል።

ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ይዞ እንዲመለስ በፍላሽ ለምታስመጡ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። «አፕት» ከጫነ በኋላ ያወረዳቸውን ፋይሎች ያጠፋል፤ «አፕት-ጌት» ግን «/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፣ ስለዚህ በሁለተኛው አውርዱ። የዴብ ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን «/ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ» ያለውን ዝርዝርም አብራችሁ አምጡ፤ የሁለቱ ማሽኖች ኡቡንቱ አንድ ዓይነት ይሁን። ዝርዝሩ አሮጌ ሆኖ ፋይሉ አዲስ ከሆነ አፕት ፍላሹን ዞር ብሎም አያየውም፣ እንደገና ሊያወርድ ይነሳል።

ከ22.04 ወደ 24.04 የምትሻገሩ በ«ዱ-ሪሊስ-አፕግሬድ» ነው የምትሄዱት። ይህ ፕሮግራም የሌሎች ወገኖችን ሪፖዚቶሪዎች በራሱ ያጠፋቸዋል፤ ከእነሱ የመጡት ፓኬጆች ግን ይቀራሉ፣ «አፕግሬዱን ማስላት አልተቻለም» የሚለው መልእክት በብዛት የሚመጣው ከእነሱ ነው። አስቀድማችሁ «አፕት ሊስት» ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ «?ኦብሶሊት» ጻፉ፤ ከየትኛውም ሪፖዚቶሪ ያልሆኑ፣ ባለቤት የሌላቸው ፓኬጆች ይወጣሉ። የማያስፈልጓችሁን አጥፉ። ከወደቀም የእውነት ምክንያቱ «/ቫር/ሎግ/ዲስት-አፕግሬድ/» ውስጥ «አፕት.ሎግ» በሚባለው ፋይል ላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ አይደለም። ካልቸኮላችሁ ደግሞ 22.04 መደበኛ ድጋፉ እስከ 2027 ይዘልቃል።

ፍርዳችንን ለመስጠት፦ አፕት 2 (እስካሁን የወቀስነው አሮጌው) ለሥራው ስምንት፣ ለአነጋገሩ ሦስት ከአሥር። አፕት 3 ለአነጋገሩ ወደ ስድስት ከፍ ብሏል፤ «አፕት ፖሊሲን ተመልከት» የሚል አንድ መስመር ከስህተቱ ሥር ቢጨምር ሰባት እንሰጠው ነበር። ቴሌግራም ላይ እርዳታ የምትጠይቁ ግን የመጨረሻዋን ቀይ መስመር ብቻ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። ሰንሰለቱን እስከ ሥሩ ወርዳችሁ ያገኛችሁትን መስመር፣ የሁለቱን ፓኬጆች የ«አፕት ፖሊሲ» ሠንጠረዥና የ«አፕት አፕዴት»ን የመጨረሻ አሥር መስመሮች በጽሑፍ ገልብጣችሁ ላኩ።